ባዮሜዲካል ሳይንስን ከጎጃም ተነስቶ እንዴት መማር ይቻላል? ከማትሪክ እስከ ሥራ

«ጎበዝ ከሆንክ ዶክተር ትሆናለህ።» ደጀንም ሂዱ ዳንግላ፣ ሳይንስ የሚወድ ልጅ ባለበት ቤት የሚባለው ይኸው ነው። አልፎ አልፎ ነርስና ፋርማሲስት ይነሳሉ። ከዚያ ወዲያ ወሬው ያልቃል። ሐኪሙ ግን «ወባ ነው» ብሎ መድኃኒት የሚያዝዘው ሌላ ሰው ከጓዳ ሆኖ ደሙን አይቶ ስለነገረው ነው። መድኃኒቱም የተገኘው ተውሳኩ የት እንደሚደበቅና በምን እንደሚሞት ያጠና ሰው ስለነበረ ነው። ባዮሜዲካል ሳይንስ ይህ የጓዳው ሥራ ነው። ሰውነት እንዴት እንደሚሠራ፣ ሲታመም ምኑ እንደሚበላሽ፣ ብልሽቱ በምን እንደሚታወቅ ያጠናል።

ከጎጃም ተነስታችሁ እዚህ ሙያ ውስጥ ለመግባት የምታስቡ ከሆነ መንገዱ እንዲህ ነው።

1. መግቢያ በሩን ለዩ

እንግሊዝ አገር ባዮሜዲካል ሳይንስ ራሱን የቻለ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። እኛ ጋ መንገዱ ትንሽ ይጠማዘዛል። በመጀመሪያ ዲግሪ ዋናው በር ሜዲካል ላቦራቶሪ ሳይንስ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ያስተምሩታል። ሁለተኛው በር ባዮሎጂ ወይም ባዮቴክኖሎጂ ተምሮ በማስተርስ ወደ ሕክምናው መጠጋት ነው። ሦስተኛው ደግሞ በጤና ዘርፍ ተመርቆ በአናቶሚ፣ በፊዚዮሎጂ፣ በባዮኬሚስትሪ ወይም በማይክሮባዮሎጂ ማስተርስ መያዝ ነው። ደብረ ማርቆስ የሕክምና ትምህርት ቤት ውስጥ ባዮሜዲካል ሳይንስ የሚባል ትምህርት ክፍል አለ። እንዲህ ያሉ ክፍሎች ዋና ሥራቸው ነገ ሐኪም የሚሆኑ ተማሪዎችን መሠረቱን ማስተማር ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ሌላ ነው። እሱ የሆስፒታል ማሽን የሚሠራና የሚጠግን ምህንድስና ነው። ጥሩ ሙያ ነው፣ ግን ደም ለማጥናት ፈልጋችሁ እዚያ ከገባችሁ የምትውሉት ከሰርኪት ጋር ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ በሜዲካል ላቦራቶሪ ጀምሩ እላለሁ። ስትመረቁ ስሙ የታወቀ፣ የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው ሥራ አለው። ምርምሩም ማስተማሩም ከዚያ በኋላ ይመጣል። ባዮሎጂ ተምሮ መንገዱን ያገኘ ሰው ብዙ ነው፤ ግን መሃል ላይ ይረዝማል።

2. ኬሚስትሪን ከአሁኑ አትሽሹ

ብዙ ተማሪ «ባዮሎጂ እወዳለሁ» ብሎ ይመጣና ኬሚስትሪው ላይ ይወድቃል። ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራው ግማሹ ነገር ኬሚስትሪ ነው። ሞል፣ ኮንሰንትሬሽን፣ ዳይሉሽን፣ ፒኤች። ለፈተና ብቻ ተሸምድዶ የሚረሳ ሳይሆን በየቀኑ የምትሠሩበት ነው። ሒሳቡም ያው ነው፤ ከባዱ ባይመጣም ፐርሰንትና ሬሾ ላይ የሚንቀራፈፍ ልጅ ይቸገራል። እንግሊዝኛውም እንዲሁ። መጽሐፉ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጠበቅ ብሏል። በቀጥታ ለመግባት 50 በመቶ ያስፈልጋል። ለጥቂት ካመለጣችሁ ሬሜዲያል የሚባል የማካካሻ ትምህርት አለ። ሬሜዲያል ገብቶ ጥሩ ውጤት ያመጣ ልጅ ብዙ ስለሆነ በሱ አትሸማቀቁ።

3. ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ላቦራቶሪ ገብታችሁ እዩ

ይህን ምክር ማንም አይሰጣችሁም፣ ወጪም የለውም። አቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ኃላፊውን አስፈቅዱ፤ «ዲፓርትመንት ለመምረጥ ነው፣ ሥራውን ማየት እፈልጋለሁ» በሉ። አብዛኛው ባለሙያ ደስ ብሎት ያሳያችኋል፤ ማን ነው ሥራውን የሚጠይቀው?

ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ክረምቱ ወጥቶ ወባ በሚበዛበት ጊዜ ብትሄዱ የበለጠ ታያላችሁ። ታማሚው ጣቱን ይወጋል። ባለሙያው በአንድ ስላይድ ላይ ሁለት ዓይነት ደም ያስቀምጣል፤ አንዱ ወፈር ብሎ ክብ፣ ሌላው በሌላ ስላይድ ጫፍ ተገፍቶ ስስ። ስሱ ከደረቀ በኋላ በሜታኖል ስላይዱ ላይ እንዲጸና ይደረጋል፣ ወፍራሙ ግን ሜታኖል አይነካውም። ቀጥሎ ሁለቱም ጊምሳ በሚባል ማቅለሚያ ይቀለማሉ። ከዚያ ዘይት ጠብ ተደርጎበት መቶ እጥፍ በሚያጎላው የማይክሮስኮፕ ሌንስ ይታያል። ወፍራሙ ተውሳኩ መኖር አለመኖሩን ይናገራል። ስሱ ደግሞ የትኛው የወባ ዓይነት እንደሆነ ይለያል፤ ፋልሲፓረም ነው ወይስ ቫይቫክስ?

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ለፋልሲፓረም የሚሰጠው ኮአርተም ነው። ቫይቫክስ ግን ክሎሮኪን ይሰጠውና ጉበት ውስጥ ተኝቶ የሚቀረውን ለመግደል ፕሪማኪን ይጨመርለታል። ባለሙያው ቫይቫክሱን ፋልሲፓረም ነው ብሎ ከተሳሳተ ታማሚው ድኖ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ከወራት በኋላ ማንም ትንኝ ሳይነክሰው ያው ወባ ይነሳበታል። «ምንም የለም» ለማለትም ቢያንስ መቶ የእይታ መስክ መቃኘት አለበት። ውጭ ወረፋ የያዘ ሰው በር እያንኳኳ መቶ መስክ መቁጠር ትዕግሥት ይጠይቃል። ያን ቀን የሰውየው ትዕግሥት ደስ ካላችሁ ሙያው የእናንተ ነው። ከሰለቻችሁም ጥሩ ነው፣ ሳይረፍድ አወቃችሁ።

4. ፍሬሽማንን በጨዋታ አታሳልፉ

የመጀመሪያው ዓመት ሁሉም የሚወስዳቸው የጋራ ኮርሶች ናቸው። ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ ሳይቀር አለ። ተማሪው «ከሙያዬ ጋር ምን አገናኘው» እያለ ይዘናጋል። ዲፓርትመንት የሚደለደለው ግን በዚሁ ዓመት ውጤት ነው፤ የጤና ዘርፎች ደግሞ ቶሎ ይሞላሉ። ሎጂክ ላይ ያመጣችሁት ሲ (C) ላቦራቶሪውን ሊያስመልጣችሁ ይችላል።

ምደባው ጎጃም ላያደርሳችሁም ይችላል። ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ከደረሳችሁ እሰየው፤ ሌላ ቦታ ከደረሳችሁም ሜዲካል ላቦራቶሪ በብዙ ዩኒቨርሲቲ አለ። በዓመቱ የትኛው ክፍል ስንት ተማሪ እንደሚቀበል ከሬጅስትራር ጠይቁ። የዶርም ወሬ አትመኑ።

5. ሲማሩ ኮርሶቹን አገናኙ

እዚህ ላይ ነው ጎበዙና ሸምዳጁ የሚለያዩት። ፊዚዮሎጂ ለብቻ፣ ባዮኬሚስትሪ ለብቻ፣ ሄማቶሎጂ ለብቻ እያደረገ ፈተናውን አልፎ የሚረሳ ተማሪ ሞልቷል። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። የስኳር በሽተኛ ኤችቢኤዋንሲ የሚባል ምርመራ ይታዘዝለታል። ትናንት የበላውን ሳይሆን ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት ስኳሩን ይናገራል። ለምን? ስኳሩ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ላይ ስለሚለጠፍ ነው፤ ይህ ባዮኬሚስትሪ ነው። ቀይ የደም ሴል ደግሞ ወደ 120 ቀን ገደማ ይኖራል፤ ይህ ፊዚዮሎጂ ነው። ታዲያ ብዙ ደም ፈሶት ሴሉ በአዲስ የተተካ ሰው ውጤቱ ዝቅ ብሎ ቢወጣ ማመን አለባችሁ? የለባችሁም፤ ይህ ሄማቶሎጂ ነው። ለእያንዳንዱ ምርመራ «ይህ ቁጥር መቼ ይዋሻል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሦስቱም አብረው ይገባችኋል።

ተግባሩ ላይ እጃችሁ መቀባት አለበት። ማይክሮስኮፕ አንድ ለብዙ ተማሪ ሲሆን ከኋላ የቆመ ልጅ የጓደኛውን ማጅራት አይቶ ይወጣል። ቀድማችሁ ግቡ፤ አስተማሪው ከፈቀደ ከክፍል ሰዓት ውጭም ተቀመጡ። ግራም ስቴይን የሚባለውን ባክቴሪያ በቀለም የመለያ ዘዴ በራሳችሁ እጅ ደጋግማችሁ ካልሠራችሁት፣ አልኮሉን ትንሽ ስታበዙ ሐምራዊ መሆን የነበረበት ባክቴሪያ እንዴት ቀይ ሆኖ እንደሚያታልላችሁ አታዩትም።

ለአታችመንት፣ ማለትም ለተግባር ልምምድ፣ ሆስፒታል ስትወጡ ትንሽ የሚመስል ነገር ነፍስ እንደሚነካ ታያላችሁ። የደም መቅጃ ቱቦዎች ክዳናቸው ቀለም አለው። ሐምራዊው ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኢዲቲኤ አለ፤ ኢዲቲኤው ደግሞ ፖታሲየም ይይዛል። አንድ ሰው ቀዩ ቱቦ ውስጥ ደም አነሰ ብሎ ከሐምራዊው ከጨመረበት የታማሚው ፖታሲየም ልብ የሚያቆም ያህል ከፍ ብሎ ይወጣል፣ ካልሲየሙ ደግሞ ይወርዳል። ታማሚው ግን ደህና ነው። ማሽኑ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው እጅ ነው።

ሌላው ራሳችሁን መጠበቅ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከአታችመንት በፊት ጀምሩ፤ ሦስት ዙር ስላለው እስኪያልቅ ስድስት ወር ይፈጃል። የተጠቀማችሁበትን መርፌ መልሳችሁ አትክደኑ። ጀብደኝነት እዚህ ቤት አይሠራም።

6. የመመረቂያ ጥናታችሁን ከአገራችሁ ምረጡ

ብዙው ተማሪ የባለፈውን ዓመት ርዕስ ቦታውን ቀይሮ ያቀርባል። ጎጃም ግን የሚጠና ጉዳይ ሞልቶታል። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ። በየወረዳው የአንጀት ተውሳክ አለ። መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ በየሆስፒታሉ አለ።

ከሁሉ የሚገርመኝ እግር የሚያሳብጠው የዝሆኔ በሽታ ነው፤ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው ዓይነት። ምሥራቅም ምዕራብም ጎጃም ውስጥ አለ። ብዙ ሰው እርግማን ወይም የዘር በሽታ ይለዋል፣ በዚህም ትዳር ይፈርሳል። ትንኝ ከምታመጣው ዝሆኔ የተለየ ነው፤ ይህኛው ትልም የለውም። ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቶ ከእሳተ ገሞራ ከመጣ ቀይ አፈር ጋር እንደሚያያዝ አሳየ። ታዲያ አንድ መንደር ሙሉ በባዶ እግሩ ሲያርስ ለምን ጥቂቱ ብቻ ይታመማል? እ.ኤ.አ. በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በወላይታ ባደረጉት ጥናት ከሰውነት መከላከያ ጋር የተያያዙ ጂኖች ተጋላጭነትን እንደሚጨምሩ አገኙ። እንግዲህ «የዘር ነው» የሚለው ሙሉ በሙሉ ሐሰት አልነበረም፤ ግን ሁልጊዜ ጫማ የሚያደርግ ሰው ዘሩ ምንም ቢሆን በሽታውን ሊከላከል ይችላል።

ተመራማሪው አክሊሉ ለማም የጀመረው እንዲህ ካለ ቅርብ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች ልብስ በእንዶድ የሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቢልሃርዚያን የሚያሳድጉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። እንዶድ በየጓሯችን አለ፤ ያየው ሰው ብዙ ነበር፣ ለምን ብሎ የጠየቀው ግን እሱ ነው። ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ወሰዱ።

7. መውጫ ፈተናና የሙያ ፈቃድ

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንም ተመራቂ የመውጫ ፈተናውን ማለፍ አለበት፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ጥያቄው ከሁሉም ዓመት ስለሚመጣ የሁለተኛ ዓመት ደብተራችሁን ለማገዶ አትስጡ። የጤና ሙያ ስለሆነም ሥራ ለመጀመር የሙያ ፈቃድ ግዴታ ነው።

8. ሥራው የት ነው?

እውነቱን እንነጋገር። ድሮ የጤና ተመራቂ በቀጥታ ይመደብ ነበር፤ አሁን ማስታወቂያ ጠብቆ ተወዳድሮ ነው። የዞን ጤና መምሪያና የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ «0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ አመልካቹ ይበዛል። ስለዚህ አንድ በር ብቻ አትጠብቁ።

ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ዋናዎቹ ናቸው። የግል ክሊኒክ ደመወዙ እንደ ባለቤቱ ነው፤ ግን ልምድ ቶሎ ይገኝበታል። ደም ባንክ ብዙ ተማሪ የሚረሳው ቦታ ነው። ባሕር ዳር ላይ የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለ፤ ወረርሽኝ ሲነሳ ናሙና ወደዚያ ይሄዳል። ምርምር የሚያጓጓችሁ ከሆነ አዲስ አበባ አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምና የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አሉ። ማስተማር የሚወድ በቴክኒካል ረዳትነት ወይም በረዳት ምሩቅነት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ማስተርሱን እዚያው ይቀጥላል። የማሽንና የኬሚካል አስመጪዎችም ላብ የሚያውቅ ሰው ለሽያጭና ለሥልጠና ይቀጥራሉ፤ ብዙ ሰው «ነጋዴ ልሁን እንዴ?» ብሎ ይንቀዋል፣ ክፍያው ግን አይናቅም።

ውጭ የሚያስቡ ደግሞ ይህን ይወቁ። እንግሊዝ አገር ባዮሜዲካል ሳይንቲስት የሚለው ማዕረግ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ኤችሲፒሲ በሚባለው አካል ሳይመዘገቡ በዚያ ስም መሥራት አይቻልም። አሜሪካ ብዙ አሠሪ የኤኤስሲፒን የምስክር ወረቀት ይጠይቃል። ሁለቱም የኮርሶቻችሁን ዝርዝር ያያሉ። ስለዚህ ገና ተማሪ ሳላችሁ የየኮርሱን መግለጫ ሰብስቡ፤ ከተመረቃችሁ ዓመታት በኋላ አንድ ወረቀት ፍለጋ ካምፓስ ለካምፓስ መንከራተት የሚያሳዝን ነገር ነው። ዋናውን ዲግሪ ለመውሰድ የወጪ መጋራቱ መከፈል ስላለበት ሥራ እንደያዛችሁ ክፍያውን ጀምሩ። የስኮላርሺፕ ቀን ገደብ የማንንም ደመወዝ አይጠብቅም።