ስኮላርሺፕ ከመፈለጋችሁ በፊት ስማችሁን አስተካክሉ

ቅዳሜ ጠዋት አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ግቡ። ከተቀመጠው ተማሪ ብዙው የአስራ ሁለተኛ ክፍል ነው። መጽሐፉ ተከፍቷል፣ ዓይኑ ግን ስልኩ ላይ ነው። አንዱ የቴሌግራም ቻናል «ፉሊ ፈንድድ! ያለ ፈተና!» ብሎ ይለጥፋል፣ ሌላው ከነስህተቱ ገልብጦ ይደግመዋል። እኔም በጊዜዬ እንደዛው ነበርኩ። አንድ ዓመት ሙሉ ማስታወቂያ ሳሳድድ ከርሜ በመጨረሻ የጣለኝ የአባቴ ስም ነው። ትራንስክሪፕቴ ላይ አንድ ዓይነት፣ ፓስፖርቴ ላይ ሌላ ዓይነት ስፔሊንግ። የአንድ ፊደል ልዩነት ናት። እሷን ለማስተካከል ስመላለስ ዴድላይኑ አለፈ።

ስለዚህ ከስም ልጀምር። ኃይለማርያም በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ነው ወይስ ሁለት? ፀጋዬስ በስንት ዓይነት ይጻፋል? አንዱን ምረጡ። ከዚያ የልደት ሰርተፊኬቱን፣ ፋይዳውን፣ ፓስፖርቱን፣ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርዱንና ትራንስክሪፕቱን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ። ልዩነት ካለ አስራ አንደኛ ክፍል እያላችሁ ጨርሱት፣ ምክንያቱም ወረዳው ከትምህርት ቤት ደብዳቤ አምጣ ይላል፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከወረዳ አምጣ ይላል፣ እንዲህ እያለ ሳምንት ይበላል። የትውልድ ቀንም ያው ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 የተወለደ ሰው ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲቀይር አብዛኛውን ጊዜ ዓመቱ ላይ 7 ይደምራል፣ ከዚያ ወዲህ የተወለደ 8 ይደምራል። ለሁሉም 8 እየደመረ ፎርም የሚሞላ ልጅ አይቻለሁ፤ ፎርሙ ሌላ፣ ፓስፖርቱ ሌላ ሆኖ ቀረ።

ፓስፖርቱን ደግሞ «ስኮላርሺፑ ሲገኝ አወጣዋለሁ» አትበሉ። የመደበኛው ዋጋ በ2016 መጨረሻ ላይ ከ2,000 ወደ 5,000 ብር ወጥቷል፣ አስቸኳይ ላለ ሰው ደግሞ ከዚያ በብዙ እጥፍ ነው። ቀድሞ ያመለከተ ኪሱ ይተርፋል።

ትራንስክሪፕት የምትጠይቁት ሴሚስተሩ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። የፈተና ሰሞን የሪከርድ ክፍል በር ላይ ቆማችሁ ብትለምኑ የሚሰማችሁ የለም። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን፣ ማኅተም ያረፈበት ኦሪጅናል፣ ሁለት ሦስት ኮፒ። የሪከርድ ክፍሏን ሴትዮ በየቀኑ ሰላም ማለት ልመዱ። ቀልዴን አይደለም፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንሂድ።

ቅርባችን ያለውን በር ብዙ ሰው እንደ ስኮላርሺፕ አይቆጥረውም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሚማር ተማሪ ብዙውን ጊዜ ከኪሱ አውጥቶ አይከፍልም፤ ኮስት ሼሪንግ ይፈርማል። በ1996 ዓ.ም. የተጀመረ አሠራር ነው። የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ፣ የትምህርቱን ወጪ ቢያንስ 15 በመቶ ትጋራላችሁ፣ ተመርቃችሁ ሥራ ስትይዙ ከደመወዛችሁ እየተቆረጠ ይከፈላል። በሌላ አነጋገር ቆይቶ የሚከፈል ብድር ነው፣ ዋስትናው ደግሞ ውጤታችሁ። ችግሩ መግቢያው ጠቧል። ማትሪክ ላይ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው በ2015 ዓ.ም. ከተፈታኙ 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበር። ስድስት ኪሎም (አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ) ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱ መግቢያ ፈተና አለው። እንግዲህ የውጭ ሀገር ፎርም ስትሞሉ ማትሪክ ጥናቱን የጣላችሁ ዕለት ሁለቱም በር ላይ ቆማችሁ ትቀራላችሁ።

እዚሁ ሀገር ውስጥ ሌላም አለ። የማስተርካርድ ፋውንዴሽን ስኮላርስ ፕሮግራም ከአዲስ አበባና ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ጋር ይሠራል፣ ከሀገር ውጭ ደግሞ ጋና ካለው አሼሲና ኬንያ ካለው ዩኤስአይዩ ጋር። ፋውንዴሽኑ ራሱ ማመልከቻ አይቀበልም። የምታመለክቱት ለዩኒቨርሲቲው ነው፣ ክፍያም የለውም። «ማስተርካርድ አስገባሃለሁ» የሚል ሰው ከመጣ ስልኩን ዝጉበት።

ደላላ ካነሳሁ አይቀር የአክስቴን ልጅ ነገር ልንገራችሁ። አንድ ቢሮ (ስሙ ይቅር) ብዙ ብር ተቀብሎ «ስኮላርሺፕ ወጣልህ» ብሎ ደብዳቤ ሰጠው። ቤት ውስጥ እልልታ፣ ቡና፣ ጎረቤት ሁሉ ተጠራ። ማታ ደብዳቤውን እኔ ሳነበው አክሰፕታንስ ሌተር ነው። ተቀብለንሃል፣ ክፍያው ይህን ያህል ነው፣ በዚህ ቀን ክፈል ይላል። ማንም በነፃ አመልክቶ የሚያገኘው ወረቀት! ልዩነቱን በደንብ ያዙት፦ መቀበል አንድ ነገር ነው፣ ገንዘብ ማግኘት ሌላ። ግማሽ ስኮላርሺፕ ማለትም እንዲሁ ያታልላል። የዓመት ወጪው 60 ሺህ ዶላር የሆነ ኮሌጅ 50 በመቶ ቢሰጣችሁ 30 ሺህ ዶላር ይቀራል፣ ለአራት ዓመት 120 ሺህ። ደብዳቤ ሲመጣ የተሰጣችሁን ሳይሆን የቀረባችሁን ቁጥር አንብቡ።

የመንግሥታት ስኮላርሺፕ ላይ ብዙ አልቆይም፣ መመሪያቸው ግልጽ ነው። የቱርክ ቡርስላሪ በአብዛኛው ከጥር 2 እስከ የካቲት 13 ገደማ ይከፈታል፣ ማመልከቻው ነፃ ነው፣ ለዲግሪ ከ21 ዓመት በታች መሆንና ቢያንስ 70 በመቶ ውጤት ይጠይቃል፤ ሕክምና ለሚፈልግ 90። የትምህርት ክፍያ፣ ዶርም፣ የኪስ ገንዘብ፣ ኢንሹራንስ፣ የመሄጃና የመመለሻ ቲኬት፣ በዚያ ላይ የአንድ ዓመት የቱርክኛ ትምህርት ይሰጣሉ። ለእኛ ሀገር ተማሪ ቅርብ ከሚባሉት አንዱ እሱ ነው ባይ ነኝ። የኮሪያው ጂኬኤስ ለዲግሪ የሚወጣው መስከረምና ጥቅምት አካባቢ ነው፣ 80 በመቶና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የጃፓኑ ሜክስት በኤምባሲው በኩል ነው፣ የሒሳብና የእንግሊዝኛ ፈተና አለው፣ በወር 117,000 የን ይሰጣል። ሒሳብ የሚወድ ልጅ ይሞክረው።

አሜሪካ ላይ ግን ቁጭ ብለን እናውራ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ፋፍሳ የሚባል ፎርም ይመጣባችኋል። ተዉት፣ እሱ በዋናነት ለአሜሪካ ዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ነው። ለእናንተ ገንዘቡ ያለው ኮሌጆቹ ራሳቸው ካዝና ውስጥ ነው። ጥቂቶቹ የውጭ ሀገር ተማሪን የቤተሰቡን አቅም ሳያዩ ይመርጣሉ፣ ከመረጡ በኋላ ቤተሰቡ የማይችለውን ይሞላሉ። ይህን ኒድ ብላይንድ ይሉታል። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትመዝና ቦዶይን ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ለመግባት ግን ከመርፌ ቀዳዳ ይጠባሉ። ከነሱ ቀጥሎ ስማቸው እዚህ ሰፈር ተሰምቶ የማያውቅ ትንንሽ ኮሌጆች አሉ። የተቀበሉትን ልጅ ሙሉ በሙሉ ይረዳሉ፣ ነገር ግን ሲመርጡ ስንት ብር እንደምትፈልጉም ያያሉ። ዝናውን ትታችሁ እነዚህ ላይ ጊዜ አጥፉ። በእያንዳንዱ ኮሌጅ ድረ ገጽ ገብታችሁ የውጭ ሀገር ተማሪ እርዳታ የሚለውን ገጽ ብቻ አንብቡ፣ የሚሰጥ ከሆነ ደብተራችሁ ላይ ይግባ፣ የማይሰጥ ከሆነ ይውጣ። እንጦጦ መንገድ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ ኤዱኬሽን ዩኤስኤ የሚባል የምክር አገልግሎት አለው፣ ነፃ ነው። ደላላ ጋ ከመሄድ እዚያ ሂዱ።

የማመልከቻ ክፍያ ነገር ያስፈራል። ዶላር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ይበልጥ። ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለው የገንዘብ አቅም ፎርም ለመጀመሪያው ኮሌጅ 25 ዶላር፣ ለሚቀጥለው ለእያንዳንዱ 16 ዶላር ይጠይቃል። ካርድ የለም፣ ዶላር የለም፣ አጎት አሜሪካ የለም። ግን ብዙ ኮሌጅ ክፍያውን ይተዋል፣ መጠየቅ ብቻ ነው። አጭር ኢሜይል ጻፉ፦ ማን እንደሆናችሁ፣ የት እንደምትማሩ፣ ክፍያው ከቤተሰባችሁ የወር ገቢ ጋር ሲነጻጸር ስንት እንደሆነ በቁጥር፣ እና የሲኤስኤስ ነፃ ኮድ ወይም በምትኩ የሚሞላ ነፃ ፎርም እንዳላቸው። አራት አምስት መስመር በቂ ነው። ማልቀስ አያስፈልግም፣ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

ፎርሙ የቤተሰብ ገቢ ሲጠይቅ ብዙ ልጅ ይደናገጣል። እናት እንጀራ ትሸጣለች፣ አባት የሰው ታክሲ ይነዳል፣ የደመወዝ ወረቀት ከየት ይምጣ? ሦስት ወር ሙሉ በየማታው «ዛሬ ስንት ገባ?» እያላችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። አማካዩን አውጡ። ከወረዳ ስለ ቤተሰቡ መተዳደሪያ ደብዳቤ አስጽፉ፣ ፈቃድ ያለው ትርጉም ቤት ይተርጉመው፣ ወላጅ ይፈርምበት። አክስት ከውጭ በየበዓሉ የምትልከው ካለም ጻፉት። መደበቅ አያዋጣም፣ አንድ ቁጥር ከሌላው ጋር ሲጋጭ ይታወቃል። ደግሞ ወላጅን ገቢ መጠየቅ በእኛ ቤት ድፍረት ይመስላል፣ አውቃለሁ። አባዬን ከመጠየቄ በፊት ሁለት ቀን ዞሬአለሁ። እሱ ግን ፎርሙን ሳሳየው መነጽሩን አድርጎ ቁጭ አለ።

ኢሴይ (ከማመልከቻው ጋር ስለ ራሳችሁ የምትጽፉት ጽሑፍ) ላይ የድህነት ውድድር አትግቡ። ባለፈው አንዲት የሰፈራችን ልጅ ጽሑፏን አመጣችልኝ። «ትምህርት የስኬት ቁልፍ ነው» ብላ ትጀምራለች። አጥፊው አልኳት። ሰፈራቸው ፒያሳ ነበር፣ ፈርሶ ሩቅ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። ምን ትሠሪያለሽ ስላት ለካ የድሮ ጎረቤቶቹን እቁብ ደብተር የምትይዘው እሷ ናት። ሰዉ በየአቅጣጫው ተበትኖ በስልክ እየሰበሰበች፣ ማን ከፈለ ማን ቀረ እያለች ስታስተካክል ትውላለች። እሱን ጻፊው አልኳት። ከዚያ በኋላ አንድም ኮማ አልነካሁባትም።

ሪኮመንዴሽን (የድጋፍ ደብዳቤ) የሚጽፍላችሁን መምህር ቢያንስ ከወር በፊት ጠይቁ። አንዳንዱ «ራስህ ጻፈውና ልፈርም» ይላል። እሺ አትበሉ፣ የእናንተ እንግሊዝኛና የመምህሩ አንድ ሆኖ ሲገኝ ያስታውቃል። ይልቅ ክፍል ውስጥ የሠራችሁትን ሁለት ሦስት ነገር በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት፣ የሚያስታውሰውን እሱ ይመርጣል። ኮመን አፕ (ለብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች በአንድ ላይ የሚመለከትበት ድረ ገጽ) ጥያቄውን በመምህሩ ኢሜይል ነው የሚልከው። ብዙ መምህር ኢሜይል ከከፈተ ዓመት ሆኖታል፣ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ ክፈቱ።

ስለ ቀን። የአሜሪካ ቀደምት ማመልከቻ በአብዛኛው ኖቬምበር 1 ነው፣ ጥቅምት 22። መደበኛው ጃንዋሪ 1 አካባቢ፣ ታኅሣሥ 23። ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት አንድ ቀን ወደ ኋላ ይሳባል፣ ጥቅምት 21ና ታኅሣሥ 22 ይሆናል። አሜሪካኖች ወሩን አስቀድመው ነው የሚጽፉት፣ 11/1 ሲሏችሁ ጃንዋሪ 11 እንዳይመስላችሁ። ፎርሙ 11፡59 ፒኤም ካለ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከሌሊቱ 5፡59 ነው። ወንድሜ 11፡59ን «ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል» ብሎ አንብቦ እንቅልፉን ለጥጧል። ለማንኛውም ከሦስት ቀን በፊት ላኩ፣ መብራትም ኔትዎርክም የእናንተን ዴድላይን አያውቁም።

ከተሳካ ወጪው አያልቅም። ለአሜሪካ የሲቪስ (የውጭ ሀገር ተማሪዎች መመዝገቢያ) ክፍያ 350 ዶላር፣ የቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር፣ ከዚያ ቲኬት አለ። ሙሉ እርዳታ የሰጣችሁ ኮሌጅ ይህንንም ሊሸፍን ይችላል፣ የተቀበላችሁ ዕለት ጠይቁ። ኮሌጁ በበኩሉ የመጨረሻውን ትራንስክሪፕት ይፈልጋል፣ የሚፈልገውም ሐምሌ ላይ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ዘበኛው ብቻ በር ላይ በተቀመጠበት ጊዜ ነው። የሪከርድ ክፍሏን ሴትዮ ስልክ ሰኔ ሳያልቅ ተቀበሉ።