ፋብሪካው ወደ ውጭ አገር ሲሄድ፦ በአሜሪካ ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ የሚጠይቀው እርዳታ

ድርጅቱ ምርቱን ወደ ሜክሲኮ ወይም ወደ ቬትናም አዛውሮ ሠራተኛውን ሲያሰናብት፣ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚሰማው «ቲኤኤ አለላችሁ» የሚል ምክር ነው። በ1962 በወጣ ሕግ የተጀመረው ይህ ፕሮግራም በውጭ ንግድ ምክንያት ሥራ ላጡ ሠራተኞች የሥልጠና ወጪ ይሸፍን፣ በሥልጠና ላይ ሳሉም ሳምንታዊ ገቢ ይሰጥ ነበር። ከጁላይ 1፣ 2022 ጀምሮ ግን የሕግ ጊዜው አልፎበታል፤ አዲስ ማመልከቻ ቢገባም አይመረመርም። ኮንግረስ ካላደሰው በቀር እሱን መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው። አሁንም ሊጠይቁ የሚችሉት መሥሪያ ቤታቸው ቀድሞ የጸደቀላቸውና እስከ ጁን 30፣ 2022 ድረስ ከሥራ የወጡ ናቸው።

ዛሬ ያንን ቦታ በከፊል የሚሸፍነው «ዲስሎኬትድ ወርከር» የሚባለው፣ ከሥራ ለተሰናበቱ ሰዎች የሥልጠና ወጪ የሚከፍለው ፕሮግራም ነው። ሥራው ወደ ውጭ አገር መሄዱን ማስረዳት አይጠበቅባችሁም፤ መሥሪያ ቤቱ መዘጋቱ ወይም ወደ ነበራችሁበት ሥራ የማትመለሱ መሆናችሁ ይበቃል። ስለዚህ የስንብት ደብዳቤው ላይ ያለው ቃል ዋጋ አለው። «ቴምፖራሪ ሌይኦፍ» (ጊዜያዊ ስንብት) የሚል ከሆነ ሥልጠናው ሊዘገይ ወይም ሊከለከል ስለሚችል፣ መዘጋቱ ዘላቂ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሰው ኃይል ክፍሉ ጠይቁ።

100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት አንድን የሥራ ቦታ ዘግቶ 50 ወይም ከዚያ በላይ ሰው ሲያሰናብት፣ ባጠቃላይ የ60 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ዋርን የሚባለው ሕግ ይህ ነው። ማስጠንቀቂያ ካልሰጠ እስከ 60 ቀን የሚደርስ ደመወዝ ሊጠየቅ ይችላል፤ የሚጠየቀው ግን በፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። ለሰቨራንስ (ለስንብት ክፍያ) ብላችሁ የምትፈርሙት ወረቀት ይህንን መብት ሊያስቀርባችሁ ስለሚችል፣ የሕግ ባለሙያ ሳያየው አትፈርሙ። ዕድሜያችሁ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነና ስንብቱ የጋራ (ከሌሎች ሠራተኞች ጋር በአንድ ላይ) ከሆነ፣ የዕድሜ መድልዎ ክስን የሚያስቀር ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት ለማሰብ 45 ቀን፣ ከፈረማችሁ በኋላ ሐሳብ ለመቀየር ደግሞ 7 ቀን ሊሰጣችሁ ይገባል።

ሥራ ባቆማችሁበት ሳምንት አንኢምፕሎይመንት (ሥራ ላጣ ሰው ስቴቱ የሚሰጠው ሳምንታዊ ክፍያ) አመልክቱ። የሚመለከተው የኖራችሁበት ሳይሆን የሠራችሁበት ስቴት ነው፦ ሜሪላንድ እየኖሩ ቨርጂኒያ ይሠሩ ከነበረ ማመልከቻው ለቨርጂኒያ ይገባል። በአብዛኛው ስቴት ክፍያው እስከ 26 ሳምንት ይዘልቃል፤ እንደ ፍሎሪዳና ኖርዝ ካሮላይና ያሉት ግን ያጥራል። ሳምንታዊው መጠይቅ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። «ለመሥራት ዝግጁና ብቁ ነዎት?» ለሚለው ጥያቄ በቋንቋ ችግር «ኖ» ብሎ መመለስ ብቻውን ክፍያውን ያስቆመዋል። ስለ ሰቨራንስና ስለ ትርፍ ጊዜ ሥራ ገቢ ከተጠየቁ በትክክል ይጻፉ፤ ገቢ ተደብቆ የተወሰደ ክፍያ በኋላ ከቅጣት ጋር ይመለሳል። ከተከለከላችሁ ይግባኙን ደብዳቤው ላይ ካለው ቀን በፊት አስገቡ፤ ቀኑ በአንዳንድ ስቴት በጣም አጭር ነው። ይግባኙ እስኪታይ ድረስ ሳምንታዊውን መጠይቅ መሙላት አታቁሙ፣ ብታሸንፉም ያልሞላችሁት ሳምንት ላይከፈላችሁ ይችላል። ክፍያው የገቢ ግብር አለበት፤ 10 በመቶው ለፌዴራል እንዲቆረጥ ከመጀመሪያው መጠየቅ የዓመቱ መጨረሻ ዕዳን ያቀልላል።

ቀጥሎ ሥራ ፈላጊዎችን በነፃ ወደሚረዳው የመንግሥት ቢሮ፣ ወደ አሜሪካን ጆብ ሴንተር ሂዱ። ቅርባችሁ ያለውን በ1-877-872-5627 ማወቅ ይቻላል። መታወቂያ፣ የሥራ ፈቃድ ማረጋገጫ፣ የስንብት ደብዳቤና የአንኢምፕሎይመንት ውሳኔ ያዙ፤ ከወንዶች የሴሌክቲቭ ሰርቪስ (የውትድርና ግዴታ) ምዝገባም ሊጠየቅ ይችላል። ለእንግዳ ተቀባዩ «ሥራ እፈልጋለሁ» ብቻ አትበሉ። እንዲህ ካላችሁ ኮምፒውተር ያሳዩአችሁና በዚያው ይቀራል። «በዲስሎኬትድ ወርከር ፕሮግራም ተመዝግቤ ለሥልጠና ኬዝ ማናጀር እፈልጋለሁ» በሉ፤ ኬዝ ማናጀር ጉዳያችሁን የሚከታተል ሠራተኛ ነው። አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁ በነፃ እንዲቀርብ ጠይቁ፤ ልጃችሁን ለዚህ አታምጡ፣ ቅጹ ላይ አንድ ቃል ከተዛባ ወጪው የእናንተ ነው።

ሥልጠና ለማግኘት ኬዝ ማናጀሩ ችሎታችሁን ይመዝናል፣ እናንተም ከስቴቱ የጸደቁ ትምህርት ቤቶች ዝርዝር ውስጥ ትመርጣላችሁ፤ ገንዘቡም በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ይከፈላል። ጣሪያው እንደየአካባቢው ይለያያል። ሲዲኤልም (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ይሁን የነርስ ረዳትነት፣ በአካባቢያችሁ ከወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች ጥቂቶቹን አትማችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሙያው ተፈላጊ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ውሳኔውን ያፈጥነዋል። ፈቃድ ሳይሰጣችሁ ትምህርት ቤት አትመዝገቡ፣ ቅድሚያ ክፍያም አትክፈሉ፦ ከመጽደቁ በፊት የወጣ ገንዘብ በአብዛኛው አይመለስም። በጀቱ የሚታደሰው ጁላይ 1 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ባሉት ወራት «ገንዘብ አልቋል» ከተባላችሁ ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ አስገቡኝ በሉ። ሥልጠናው ሲጸድቅ ያንኑ ለአንኢምፕሎይመንት ክፍልም አሳውቁ፤ ካልሆነ ተማሪ ስለሆናችሁ ለሥራ ዝግጁ አይደላችሁም ተብሎ ክፍያው ሊቆም ይችላል።

የጤና መድን ላይ ሁለት የ60 ቀን የጊዜ ገደቦች አሉ፦ አንዱ በድርጅቱ መድን ለመቀጠል፣ ማለትም ለኮብራ፤ ሁለተኛው በማርኬትፕሌስ (መንግሥት ባቋቋመው የጤና መድን ገበያ) ለመመዝገብ። ኮብራ እስከ 102 በመቶ የሚሆነውን ሙሉ ዋጋ በራሳችሁ ስለሚያስከፍል፣ አስቀድማችሁ የማርኬትፕሌሱን ዋጋ አወዳድሩ። ኮብራን ጀምራችሁ በመሃል በፈቃዳችሁ ካቋረጣችሁ የማርኬትፕሌሱ ልዩ ምዝገባ ሊያመልጣችሁና እስከ ዓመታዊው የምዝገባ ወቅት ያለ መድን ልትቆዩ ትችላላችሁ። ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) ግን የጊዜ ገደብ የለውም፤ ገቢያችሁ ከወረደ በማንኛውም ወር አመልክቱ።