ለእንግዳ እጅ እንዴት ይዘረጋል? ለምግብ ቤት፣ ለካፌና ለሆቴል አስተናጋጆች

አዲስ አስተናጋጅ ሥራ ሲጀምር ሜኑውን በቃሉ እንዲይዝና ትሪ እንዳይጥል ይሰለጥናል። እጁን እንዴት እንደሚዘረጋ ግን የሚነግረው ሰው እምብዛም የለም። ቅር ብሎት የወጣ ደንበኛ "ምን አሉህ?" ቢባል ብዙ ጊዜ የሚጠቅሰው ክፉ ቃል አያገኝም። የብሩ መልስ ጠረጴዛ ላይ ተወርውሮለት ይሆናል፣ በጣት ተጠቁሞበት ይሆናል፣ ወይም ሜኑው በግራ እጅ ተሰጥቶት ይሆናል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ሳምንት ልምምድ የሚስተካከሉ ነገሮች ናቸው፤ የሚስተካከሉት ግን ምክንያታቸው ሲታወቅ ነው።

መስጠትና መቀበል

ለሰው የሚሰጥ ነገር በቀኝ እጅ ይሰጣል፤ አክብሮት ሲጨመርበት በሁለት እጅ። ግራ እጅ ብቻውን ተዘርግቶ አይሰጥም፣ አይቀበልም። ማዕዳችንን የምንቆርሰው በእጃችን ስለሆነ ቀኝ የመብል፣ ግራ ደግሞ የመጸዳጃ እጅ ሆኖ ኖሯል፤ ይህን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይጋራዋል።

ሁለት እጅ ሲባል ግን ዕቃው ሁልጊዜ በሁለት መዳፍ ይያዝ ማለት አይደለም። ሜኑ፣ ሰሃን ወይም ትሪ ከሆነ አዎ፣ በሁለቱም ይያዛል። ቁልፍ፣ ደረሰኝ ወይም የብር ኖት ከሆነ ቀኝ እጅ ይሰጣል፣ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ የቀኙን ክንድ ከአንጓው እስከ ክርኑ ባለው ቦታ ከሥር ደገፍ ያደርጉታል። ወገብ ትንሽ ዘንበል ይላል። ዘንበል ማለቱ ከአንገት ብቻ ሲሆን ያስመስላል፣ እስከ ጉልበት ሲደርስ ደግሞ እንግዳውን ያሳፍራል። ብዙዎች የሚስቱት ርቀቱን ነው፤ ክርናቸውን ከጎናቸው አጣብቀው ስለሚሰጡ እንግዳው ከወንበሩ ተነስቶ እንዲቀበል ይገደዳል። እንግዳው ተደላድሎ እንደተቀመጠ እጁ እስኪደርስ ድረስ ቅረቡ።

ግራኝ የሆነ ሠራተኛ በቀኝ ብቻ ለመስጠት ከታገለ ዕቃ ያፈሳል። ለእሱ የሚሻለው ሁሉን ነገር በሁለት እጅ የመስጠት ልማድ ነው።

ትሪ በግራ መዳፍ የሚያዘው ቀኝ እጅ ለእንግዳው ነጻ እንዲሆን ነው። ብርጭቆ ከታችኛው ሲሶው ይያዛል፤ የሰው ከንፈር የሚያርፍበት ላይ ጣት አይደርስም። ማኪያቶ ሲቀርብ የሚያዘው ሰሃኑ ነው፣ ማንኪያውም በእንግዳው ቀኝ ይሁን። ቢላ ለሰው እጅ ከመስጠት ጠረጴዛው ላይ እጀታውን ወደ እንግዳው አዙሮ ማስቀመጥ ይሻላል። የተጨማሪ እንጀራ ጥቅልል ሲቀርብ በባዶ እጅ እያነሱ መደርደር አሁንም በብዙ ቤት ይታያል፤ እንግዳው እጁን ታጥቦ የተቀመጠ መሆኑን አስቡትና በመቆንጠጫ አንሱ።

እጅ ማስታጠብ

በባህል ምግብ ቤቶች፣ በሰርግና በድግስ ማስታጠብ ዛሬም አለ፤ እንግዳው ስለ ቤቱ የሚፈርደውም እዚህ ላይ ነው። ማንቆርቆሪያው በቀኝ፣ መቀበያ ሳህኑ በግራ ይያዛል፣ ፎጣው በግራ ክንድ ላይ ይጣላል። ለአራት ሰው ሁለት ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ ይበቃል። የሚጀመረው ከታላቅ ነው፤ ማን ታላቅ እንደሆነ ካልታወቀ ከሴት እንግዶች መጀመር ማንንም አያስቀይምም።

ሳህኑን ከእንግዳው እጅ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ አድርጋችሁ ያዙ። ከዚያ ከወረደ ውሃው እየተፈናጠረ ልብስ ያረጥባል፣ ከፍ ካለ ደግሞ የታጠበው እጅ ቆሻሻውን ውሃ ይነካል። መጀመሪያ እጁን ለማርጠብ ያህል ቀጠን አድርጋችሁ አፍስሱና አቁሙ። ሳሙናውን አሽቶ እስኪጨርስ ጠብቁ፣ ከዚያ አረፋው እስኪለቅ ሳታቋርጡ አፍስሱ። እንግዳው እያሸ ውሃ የሚያፈስ አስተናጋጅ ሦስተኛው ሰው ጋ ሲደርስ ማንቆርቆሪያው ባዶ፣ ሳህኑ ሙሉ ይሆንበታል። ሳህኑ ግማሽ ሲደርስ ድፉት፤ የሞላ ሳህን በአንድ እጅ ሲያዝ ይንቀጠቀጣል። አንድ ፎጣ ለሁሉም ማዞር ማስታጠቡን ከንቱ ስለሚያደርገው ለየሰው ሶፍት ወይም ትንንሽ ፎጣ አዘጋጁ። እንግዳው "እግዜር ይስጥልኝ" ሲል ዝም አይባልም፤ "አብሮ ይስጠን" ብሎ አንገት ዝቅ ማድረግ ነው።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል፣ እሱንም በተለይ ሥራ አስኪያጆች ልብ ይበሉት። እጁን የታጠበ ወይም እየበላ ያለ ሰው አይጨበጥም። ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞሩ እንግዳ መጨበጥ የሚወዱ ኃላፊዎች ሰውዬው ወጥ የነካ ቀኝ እጁን ወዴት እንደሚያደርግ እንዲጨነቅ ያደርጉታል፤ እሱም በጨዋ ደንብ እጁን ጭብጥ አድርጎ አንጓውን ወይም ክንዱን ይሰጣቸዋል። ሰላምታው ከመታጠብ በፊት ይሁን። ካመለጠ ቀኝ እጅን ደረት ላይ አድርጎ ዝቅ ብሎ "መልካም ማዕድ" ማለት ይበቃል።

በሌላውም ጊዜ ለመጨባበጥ እጁን የሚዘረጋው እንግዳው እንጂ አስተናጋጁ አይደለም። ከማያውቋት ሙስሊም ሴት ጋር ደግሞ፣ ወንድ ከሆናችሁ፣ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ፤ እሷ ከዘረጋች ትጨብጣላችሁ። ትከሻ ለትከሻ መነካካት የወዳጅ ሰላምታ ነው፣ የሥራ አይደለም።

መጥራት፣ መጠቆም፣ ማስጠበቅ

ደንበኛ ሲያጨበጭብ መቆጣት አያስፈልግም፤ በአገራችን አስተናጋጅ የሚጠራበት የቆየ መንገድ ነው። ወንድም ሆናችሁ ሴት መልሱ "አቤት!" ነው። "ምን?" ወይም "ወይ" አይባልም። ሥራ ይዛችሁ ወዲያው መሄድ ካልቻላችሁ ዓይን ለዓይን ተያዩ፣ አንገታችሁን ነቅነቅ አድርጉ፣ "መጣሁ" በሉ። መዳፍን ወደ ሰው ፊት ገትሮ "ጠብቅ" ማለት ልጅን ማስቆም ይመስላል።

እንግዳን ወደ ወንበሩ ስትጠሩ መዳፍ ወደ ታች ሆኖ ጣቶቹ ወደ ራስ ይሰበሰባሉ። አንድ ጣት ብቻ ወደ ላይ አጥፎ "ና" ማለት ለትልቅ ሰው ስድብ ነው። ቦታ ስታሳዩም እንዲሁ ነው፤ መጸዳጃ ቤቱን፣ ካሸሩን ወይም ባዶውን ጠረጴዛ በሌባ ጣት ወይም በአገጭ ሳይሆን አራቱን ጣቶች አጋጥማችሁ መዳፉን ገለጥ አድርጋችሁ አመልክቱ። ቡድን ሲገባ በጣት እየቆጠሩ "አራት፣ አምስት…" ማለት ደስ አይልም። "ስንት ናችሁ?" ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

አጠራሩም ከእጁ ጋር ይሄዳል። በእርስዎታ መጀመር የሚያስቀይመው ሰው ጥቂት ነው። ለአዛውንት "አባቴ"፣ "እናቴ"፣ ለጎልማሳ "ጋሼ"፣ "እትዬ" ጥሩ ነው። ወጣቶች ላይ እርስዎታው ሊከብድ ስለሚችል "ምን ልታዘዝ?" የሚለው የተለመደ ጥያቄ ያድናል፤ አንተም አንቺም አይልም። "የኔ ቆንጆ"፣ "ፍቅር" የሚሉት ለደንበኛ አይሆኑም፣ ደንበኛው ራሱ ቢጀምረውም።

ትእዛዝ ስትቀበሉ ረቡዕ፣ ዓርብና በዐቢይ ጾም ሰሞን "የጾም ነው የፍስክ?" ብላችሁ ጠይቁ። የሰውን ፊት አይቶ ይጾማል፣ አይጾምም ብሎ መገመት ነውር ነው። የፍስክ ወጥ የነካ ጭልፋ ወደ ሽሮው አይግባ።

በቃኝ ሲል

እንግዳ ይግደረደራል። "አይ፣ በቃኝ" የሚለው የመጀመሪያው መልስ ብዙ ጊዜ ጨዋነት ነው፣ ስለዚህ ሁለተኛ ጊዜ መጠየቅ ይገባል። በቤት ውስጥ "በሞቴ" እየተባለ ይቀጥላል፤ በምግብ ቤት ግን ሁለተኛው ላይ ይቁም፣ ምክንያቱም ሦስተኛው ሒሳብ ማስጨመር ይመስላል። ቡና ላይ እጁን ከተናገረው ይልቅ እመኑት፤ ሲኒውን በመዳፉ ከከደነ ጨርሷል። በረካ ገና ቢሆንም አትቅዱ።

ለአስተናጋጅ ማጉረስ የሚወድ እንግዳም አለ። መሸሽ ያሳፍረዋል። ቀኝ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ፣ ዝቅ በሉና "እግዜር ይስጥልኝ፣ ሥራ ላይ ሆኜ ነው" በሉ።

ሒሳብ

የአስተናጋጅ እጅ በጣም የሚፈተነው እዚህ ነው። ሁለት ሰዎች አብረው በልተው ሒሳብ ሲመጣ አንዱ ኖቱን ወደ አስተናጋጇ ይዘረጋል፣ ሌላው የዘረጋውን እጅ ይይዛል፣ በሌላኛው እጁ የራሱን ብር አፕሮኗ ኪስ ውስጥ ሊከትት ይሞክራል፣ ሁለቱም "እንዳትቀበዪው!" ይላሉ። ከማን ብትቀበል ሌላውን ታስቀይማለች።

መፍትሔው ከዚያ በፊት ያለው ነው። ቢሉን በማኅደሩ ውስጥ አድርጋችሁ ጠረጴዛው መካከል አስቀምጡና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ በሉ። ማን ይክፈል የሚለውን እነሱ ይጨርሱት። ሽሚያው ከተጀመረ ሁለት እጃችሁን ፊት ለፊት አጣምራችሁ ቁሙ፤ የተዘረጋ እጅ ማንንም ይጋብዛል። ጋባዡ አስቀድሞ ለብቻው ነግሯችሁ ከሆነ ቃሉን ጠብቁ፣ ለሌላውም "ጋሼ ቀድመው ነግረውኛል፣ ይቅርታ" በሉት። ይህ ቀዳሚውን ያስከብራል፣ ተከታዩንም አያዋርድም።

ቢሉ ደግሞ ሳይጠየቅ አይመጣም። በእኛ ልማድ ያልተጠራ ሒሳብ "ጨርሰሃል፣ ተነሳ" ማለት ነው።

ብር ስትቀበሉ ቀኙን በግራ ደግፋችሁ ተቀበሉና የተቀበላችሁትን በድምፅ ተናገሩ፦ "200 ብር ነው የሰጡኝ።" ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር "500 ነው የሰጠሁሽ" የሚለውን ክርክር ታስቀራለች። መልሱን እንግዳው እያየ ቁጠሩ፣ ከዚያ በትንሽ ሰሃን አስቀምጡ። ጉርሻ ሲሰጣችሁ ኖቱን ገልጣችሁ አትዩ፤ አመስግናችሁ ወደ ኪስ። በቴሌብር ሲከፈል የደንበኛውን ስልክ አትቀበሉ፤ እሱ ይያዘው፣ እናንተ የክፍያ መልእክቱን ብቻ አንብቡ።

ከውጭ የመጣ እንግዳ፣ ውጭ ያለ አስተናጋጅ

ትንፋሽን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ "አዎ" ማለት ለእኛ ተራ ነገር ነው። የውጭ አገር እንግዳ ግን የደነገጣችሁ ወይም ያመማችሁ ይመስለዋል። አንገት እየነቀነቃችሁ "አዎ"ን በቃል ጨምሩበት። የሰዓት አቆጣጠሩንም አስታውሱ፤ "ለ3 ሰዓት" ያለው የሆቴል እንግዳ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ማለቱ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ጠዋት ወይስ ከሰዓት ብላችሁ አረጋግጡ። አውራ ጣትና ሌባ ጣትን አክብቦ "እሺ" ማለት ለአሜሪካዊ መልካም ነው፣ ለብራዚላዊ ግን ጸያፍ ነው። ስለዚህ መተው ይሻላል።

አሜሪካ ባሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች የሚሠሩ ደግሞ ተቃራኒውን ይለምዱ። እዚያ ቢሉን ሳይጠየቁ ማምጣት ቅልጥፍና ነው፣ እንግዳን አንድ ጊዜ ጠይቆ "አይ" ካለ መተውም ጨዋነት ነው። እስራኤል ውስጥ ጣቶቹን ወደ ላይ ሰብስቦ እጁን ነቅነቅ የሚያደርግ ደንበኛ "አንዴ ጠብቅ" ማለቱ ነው፤ ለእኛ ጉርሻ ይመስላል፣ ምግብ የጠየቀ መስሎት ወደ ኩሽና የሚሮጥ አዲስ ሠራተኛ አይጠፋም።

በገልፍ አገሮች፣ በቤትም ሆነ በሆቴል፣ የዓረብ ቡና ለሚቀዱ እህቶችና ወንድሞች ልዩነቱ ከሁሉ ይበልጣል። እኛ ጀበናውን በቀኝ ይዘን ረከቦት ላይ የተደረደሩትን ሲኒዎች እንሞላለን። እዚያ ማፍሰሻው፣ ደላው፣ በግራ እጅ ይያዛል፣ ፊንጃሉ በቀኝ ይሰጣል፤ የሚሰጠው ነገር ፊንጃሉ ስለሆነ ቀኝ የሚያስፈልገው ለእሱ ነው። ቀጅው ቆሞ ይቀዳል፣ እንግዳው እስኪጠጣም አጠገቡ ይቆያል። ፊንጃሉ ሩብ ያህል ብቻ ይቀዳለታል፣ በጨረሰ ቁጥር ይጨመርለታል፤ በቃኝ ሲል በመዳፉ አይከድንም፣ ባዶውን ፊንጃል ወዲያና ወዲህ ነቅነቅ አድርጎ ይመልሳል። እንደ አገራችን ሲኒ ጢም አድርጎ መቅዳት እዚያ "ጠጣና ሂድ" ማለት ነው።