የቆዳ መቀመጫ ያለው ወንበር ሲነደፍና ሲሠራ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በአግባቡ የተሠራ የቆዳ መቀመጫ ለአሥርት ዓመታት ያገለግላል፤ በአግባቡ ያልተሠራው ግን በጥቂት ወራት ውስጥ መሃሉ ይረግባል፣ ስፌቱ ይተረተራል፣ ጠርዙም ከፍሬሙ ይላቀቃል። እንዲህ ያለ መቀመጫ ፈትቶ የተመለከተ ሰው ብዙ ጊዜ ቆዳው ራሱ ጤነኛ ሆኖ ያገኘዋል። የተበላሸው ቆዳው የተቆረጠበት፣ የተወጠረበትና የተያያዘበት መንገድ ነው። ቆዳ በየአቅጣጫው የተጠላለፉ ጥቃቅን ክሮች ስብስብ በመሆኑ ሸክም ሲያርፍበት ክሮቹ ወደ ሸክሙ አቅጣጫ ይሰለፋሉ፣ ይሳባሉ፣ ሸክሙ ሲነሣም ሙሉ በሙሉ ወደ ነበሩበት አይመለሱም። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን የቆዳ ጠባይ ከመዘንጋት የሚመጡ ናቸው።

የሚሸከም ቆዳንና የሚሸፍን ቆዳን አለመለየት

የቆዳ መቀመጫ ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ቆዳው ስፖንጅ ይሸፍናል፤ የሰውየውን ክብደት የሚሸከመው ከሥር ያለው ጣውላ፣ ሞላ ወይም የተጠለፈ ጥብጣብ ነው። በሁለተኛው ደግሞ ቆዳው ራሱ በሁለት አግዳሚዎች መካከል ተንጠልጥሎ ክብደቱን ብቻውን ይሸከማል። እ.ኤ.አ. በ1929 የቀረበው የባርሴሎና ወንበር ሁለቱንም ሥራ በአንድ ላይ ያሳያል፤ የትራሱ ቆዳ ሽፋን ብቻ ሲሆን ትራሱን ከሥር የሚይዙት በብረቱ ፍሬም ላይ የተዘረጉ ወፍራም የቆዳ ቀበቶዎች ናቸው።

ለሽፋን በክሮም ጨው (በኬሚካል) የለፋ፣ ለስላሳና ከ1 እስከ 1.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቆዳ ተስማሚ ነው፤ በየማዕዘኑ ይታጠፋል፣ ላብና እርጥበትንም በተሻለ ይችላል። ይህንኑ ቆዳ ያለ ድጋፍ ማንጠልጠል ግን ትልቅ ስህተት ነው። ለሚንጠለጠል መቀመጫ በዕፅዋት ታኒን (ከዛፍ ቅርፊትና ከመሳሰለው በሚገኝ ማልፊያ) የለፋ፣ ጠንከር ያለና ከ3.5 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ቆዳ ያስፈልጋል። በእጅ ሲዳሰስ ደስ የሚለው ለስላሳነት ሲሸከም ወደ ድክመት ይለወጣል። ያለው ቆዳ ቀጭን ብቻ ከሆነ ከሥሩ የማይሳብ ሸራ ወይም ጥብጣብ ለጥፎና ሰፍቶ ሸክሙን ለሸራው መስጠት ይገባል።

በገጽታው ተማርኮ መግዛት

ፍጹም ልሙጥ፣ አንድም ጠባሳ የማይታይበትና ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ቆዳ ብዙ ጊዜ ፊቱ ተፍቆ በቀለም የተሸፈነ ነው። ከዚህ የባሰው የታችኛው ንጣፍ ተሰንጥቆ ፖሊዩረቴን በተባለ ፕላስቲክ የተለበጠው ሲሆን፣ ከሁሉ የሚያንሰው ደግሞ የቆዳ ፍርፋሪ በማጣበቂያ ተዋሕዶ የተሠራው ነው። የመጨረሻው ከጊዜ በኋላ እንደ ቅርፊት መላጡ አይቀርም፤ አንዴ መላጥ ከጀመረም ጥገና የለውም። ጥንካሬው የሚገኘው ክሮቹ ጥቅጥቅ ብለው ከተያያዙበት፣ ፊቱ ካልተፋቀ ሙሉ ቆዳ ነው። የነፍሳት ንክሻ ወይም የእሾህ ጭረት የሚያሳይ ነጥብ ጉድለት አይደለም፤ ዘልቆ የገባ ቁስልና ከጀርባው የቢላ ምልክት ግን ጉድለት ነው። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የተቆረጠውን ጠርዝ ማየት፣ ጀርባውን ገልብጦ መመርመር፣ ፊቱንም ወደ ውስጥ አጥፎ መጫን ይበቃል። በእጥፋቱ ላይ የሚወጣው መስመር ደቃቅ ከሆነ ክሩ የጠበቀ ነው፤ ሰፊና የላላ መጨማደድ ከታየ ግን ፊቱ ከሥሩ ተለያይቷል ማለት ነው።

የቆዳውን አካል ሳያነቡ መቁረጥ

አንድ የከብት ቆዳ ከራስ እስከ ጅራት አንድ ዓይነት አይደለም። በአከርካሪው ግራና ቀኝ ያለው የጀርባና የዳሌ ክፍል ጥቅጥቅ ያለና እኩል ውፍረት ያለው ነው። ትከሻው መካከለኛ ሲሆን አንገቱ መጨማደድ ይበዛበታል። የሆዱና የብብቱ ክፍል ደግሞ እንስሳው ሲበላና ሲንቀሳቀስ እንዲለጠጥ የተፈጠረ በመሆኑ ወንበር ላይም ያንኑ ይሠራል፤ ይለጠጣል። ቆዳ ለመቆጠብ ሲባል የመቀመጫውን አንድ ጎን ከጀርባ፣ ሌላውን ከሆድ አጠገብ የሚቆርጥ ሠሪ አንዱ ወገን ሲረግብ ሌላው እንደቆመ የሚቀር መቀመጫ ይሰጣል። ተቀማጩም ሳያውቀው ወደ አንድ ጎን እያዘነበለ ይቀመጣል። የሆድ ቆዳ የሚጣል አይደለም፤ ለማያያዣ ሽፋን፣ ለጠርዝ መለበጫና ሸክም ለማያርፍበት ክፍል ይውላል።

ከቦታው ሌላ አቅጣጫም አለ። ቆዳ በአከርካሪው ትይዩ ሲጎተት በአግድሙ ከሚጎተተው ያነሰ ይሳባል። እንግዲያው ሸክሙ ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ በሚሄድበት መስመር የአከርካሪው አቅጣጫ እንዲውል ተደርጎ ይቆረጣል። በቀበቶ መልክ ተጠልፎ የሚሠራ መቀመጫ ከሆነም ሁሉም ቀበቶዎች ከአንድ ክፍልና በአንድ አቅጣጫ መቆረጥ አለባቸው።

ይህን በግምት ከመተው በሙከራ ማረጋገጥ ይቻላል። ከታሰበው ቦታ አጠገብ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ጥብጣብ ይቆረጥና በመሃሉ ላይ ልክ 30 ሴንቲ ሜትር በሚራራቁ ሁለት ነጥቦች ምልክት ይደረግበታል። ከላይ ታስሮ ከታች 20 ኪሎ ግራም ይንጠለጠልበትና አንድ ሌሊት ያድራል። በማግስቱ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት ከነሸክሙ ይለካል፤ ሸክሙ ወርዶ ከአንድ ሰዓት በኋላም እንደገና ይለካል። ሸክሙ ከወረደ በኋላ ሳይመለስ የሚቀረው ርዝመት ቆዳው በወንበሩ ላይ ወደፊት ምን ያህል እንደሚረግብ አስቀድሞ ይናገራል።

እንደ ከበሮ መወጠር

የሚንጠለጠል መቀመጫ በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ በብዛት የሚታየው ስህተት ይህ ነው፤ እንዳይረግብ በማሰብ ቆዳውን ፍጹም ቀጥ አድርጎ መወጠር። ውጤቱ ከታሰበው ተቃራኒ ይሆናል።

በ45 ሴንቲ ሜትር ርቀት በተቀመጡ ሁለት አግዳሚዎች መካከል በተዘረጋ ቆዳ ላይ 80 ኪሎ ግራም ልክ መሃሉ ላይ ቢያርፍ፣ ቆዳው 8 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል ከተተወ በእያንዳንዱ ወገን የሚጎትተው ኃይል ወደ 120 ኪሎ ግራም ክብደት ይጠጋል። ዝቅታው 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ ወደ 230 ይደርሳል፤ 2 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ደግሞ 450 ያህል ይሆናል። የሰው አካል ሸክሙን በሰፊው ስለሚያሳርፍ እውነተኛው ኃይል ከእነዚህ ቁጥሮች ያንሳል፤ ዝምድናው ግን አይለወጥም። ዝቅታው በግማሽ በቀነሰ ቁጥር ጉተታው ወደ እጥፍ ይጠጋል። ይህ ሁሉ ጉተታ የሚያርፈው በስፌቱ፣ በሚስማሩና በአግዳሚዎቹ መጋጠሚያ ላይ ነው። ስለዚህ በጣም የተወጠረ መቀመጫ መጀመሪያ ያያዘውን ነገር ይነቅላል፤ የሚነቀል ካጣም ራሱ ተስቦ መጀመሪያ ሊሰጠው ይገባ የነበረውን ዝቅታ በግዱ ያገኛል።

ትክክለኛው አሠራር ዝቅታውን ከመጀመሪያው በንድፉ ውስጥ ማስላት ነው። የመቀመጫው ከፍታ የሚለካው ባዶውን ሳይሆን ሰው ተቀምጦበት ነው፤ ስለዚህ አግዳሚዎቹ ዝቅታው ያህል ከፍ ብለው ይነደፋሉ። የፊተኛው አግዳሚ ከጭን ሥር ስለሚመጣ እንዳይቆረቁር ከቆዳው መስመር በታች ተደብቆ ወይም ክብ ሆኖ መሠራት አለበት። ሁለቱ አግዳሚዎች በጉተታው ወደ ውስጥ እንዳይጎብጡም በመካከላቸው የሚገፋ ድጋፍ ያስፈልጋል። ይህ ድጋፍ ቆዳው በሚወርድበት ቦታ ላይ ከዋለ ተቀማጩ እንጨት ላይ ያርፋልና፣ ከታሰበው ዝቅታ በታች በቂ ክፍተት ይተውለታል።

ማጥበቂያ ሳያዘጋጁ መዝጋት

ቆዳው መርገቡ የማይቀር ከሆነ ሠሪው ሁለት ምርጫ አለው፤ መርገቡን መካድ ወይም ማጥበቂያ ማዘጋጀት። የዴንማርኩ ነዳፊ ቦርጌ ሞገንሰን እ.ኤ.አ. በ1958 በነደፈው የስፔን ወንበር ሁለተኛውን መርጧል። ወፍራሙ ቆዳ በኦክ እንጨት ፍሬም ላይ ተጠቅልሎ ከመቀመጫው ሥርና ከመደገፊያው ጀርባ በዘለበት ይያያዛል፤ ሲረግብ ባለቤቱ ራሱ አንድ ቀዳዳ አልፎ ያጠብቀዋል። ይህ ለእኔ የቆዳን ጠባይ ከመታገል ይልቅ አውቆ የመንደፍ ጥሩ ማሳያ ነው።

ዘለበት ባይፈለግ በመቀመጫው ሥር በማሰሪያ ማጣበብ ይቻላል፤ በቆዳው ጫፍ በተሰፋ እጥፋት ውስጥ በትር አስገብቶ በብሎን መሳብም ሌላ መንገድ ነው። ሊወገድ የሚገባው ቆዳውን በማስቲሽና በሚስማር ፍሬሙ ላይ ለዘለቄታው መዝጋት ነው፤ በዚያ መልክ የተዘጋ መቀመጫ ሲረግብ ሌላ ቆዳ ከመግዛት በቀር ምርጫ የለም።

የፍሬሙን ጠርዝ ስለታም መተው

ቆዳው የሚታጠፍበት የእንጨት ወይም የብረት ጠርዝ ሹል ከሆነ በእያንዳንዱ መቀመጥና መነሣት ቆዳውን ይፍቃል። ጠርዙ ቢያንስ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ድረስ ተሞርዶ መለስለስ አለበት፤ ለወፍራም ቆዳ ሙሉ ክብ አግዳሚ ይበልጣል። በእጥፋቱ ላይ ቆዳውን በቢላ ማሳሳትም የሚጠቅመው ሸክም በማያርፍበት ጠርዝ ብቻ ነው። ከ4 ሚሊ ሜትር ወደ 2 የሳሳ ቆዳ የጥንካሬውን ዋና ክፍል አጥቷል።

ስፌቱን ማጥበብና በሸክም መንገድ ላይ ማሳለፍ

ጥቅጥቅ ያለ ስፌት ጠንካራ ይመስላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ቀዳዳ ከቆዳው የሚቀነስ ክር ስለሆነ በጣም የተቀራረቡ ቀዳዳዎች የመቀደጃ መስመር ይሠራሉ። በ4 ሚሊ ሜትር ቆዳ ላይ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሚራራቅ ስፌት ይበቃል፤ ከጠርዙም ቢያንስ የቆዳውን ውፍረት ያህል መራቅ አለበት። ቀዳዳው በክብ መብሻ ከሚበሳ ይልቅ በሹል ወስፌ አግድም ዘንበል ብሎ ቢወጋ፣ ተከታታይ ቀዳዳዎች በአንድ መስመር አይገናኙም።

የስፌቱ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። በእጅ አንድ ክር በሁለት መርፌ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ከግራና ከቀኝ ሲያልፍ አንዱ ስፌት ቢበጠስ ጎረቤቱ ይዞ ይቆያል፤ በመኪና ስፌት ግን የላይኛውና የታችኛው ክር መሃል ላይ የተቆላለፉ በመሆናቸው አንዱ ሲበላ አጠገቡ ያለውም ይላላል። የጥጥ ክር በላብና በታኒን ስለሚዳከም በሰም የታሸ የተልባ እግር ወይም የፖሊስተር ክር ይመረጣል። ከሁሉ በላይ ግን ስፌቱ ሰው በሚቀመጥበት ፊት ላይ እንዳይወድቅ ከአግዳሚው ሥር ማሳለፍ ይገባል። ቆዳው መሰንጠቅ ካለበት ደግሞ የስንጥቁ መጨረሻ በክብ ቀዳዳ ይዘጋ፤ ሹል ሆኖ የቀረ ስንጥቅ ሸክም ባገኘ ቁጥር ወደፊት ይሄዳል።

ተራ ብረት መጠቀም

በዕፅዋት የለፋ ቆዳ ውስጥ ያለው ታኒን ከብረት ጋር እርጥበት ሲያገኝ ጥቁር እድፍ ይፈጥራል፤ ጥንታዊ ጥቁር ቀለም ይሠራበት የነበረው ዘዴም ይኸው ነው። በሚስማሩ ዙሪያ የሚታየው ጥቁር ክብ መልክን ከማበላሸት አልፎ ብረቱ እየዛገ፣ ቆዳውም እየደረቀና እየተሰባበረ እንደሆነ ያመለክታል። ናስ፣ መዳብ ወይም የማይዝግ ብረት መጠቀም ይህን ያስቀራል። እርጥብ ቆዳ በሚቀረጽበት ጠረጴዛ ላይ የብረት ብናኝ መኖሩም ነጠብጣብ ያስከትላልና ጠረጴዛው አስቀድሞ መጠረግ አለበት።

ትራሱን አየር አልባ አድርጎ መዝጋት

በስፖንጅ ላይ የተሸፈነ ቆዳ እንደ ጨርቅ አየር አያሳልፍም። ሰው ሲቀመጥ አየሩ መውጫ ካጣ በስፌቱ ላይ ይገፋል፤ ስለዚህ የታችኛው ገጽ በጨርቅ ይሠራ ወይም መተንፈሻ ቀዳዳ ይበጅለት። በስፖንጁና በቆዳው መካከል ስስ የፖሊስተር ጥጥ ማልበስ መፋተግን ይቀንሳል፣ መጨማደድንም ያዘገያል። ለመቀመጫ የሚሆን ስፖንጅ እፍግታው በኪዩቢክ ሜትር ከ35 ኪሎ ግራም ባያንስ ይመረጣል።

በእሳት ማድረቅ፣ በቅባት ማጥገብ

በዕፅዋት የለፋ ቆዳ ረጥቦ ሲቀረጽ ቅርጽ ይይዛል፤ ሠሪው ቸኩሎ በማሞቂያ ወይም በጠራራ ፀሐይ ካደረቀው ግን ድርቅ ብሎ ይሰነጠቃል። እርጥብ ሆኖ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ሲያገኝ ክሮቹ ይኮማተራሉ፤ ይህም የማይመለስ ጉዳት ነው። በጥላና አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ቀስ ብሎ ይድረቅ። ጠፍር ከዚህ ይለያል፤ ያልለፋ ቆዳ ስለሆነ ረጥቦ ይጠለፍና ሲደርቅ በራሱ ይጠብቃል። በዚህም የተነሣ ረጥቦ ሳለ ከመጠን በላይ ከተሳበ ሲደርቅ የፍሬሙን መጋጠሚያ ሊያላቅቅ ይችላል።

ቅባትም በልክ ነው። ዘይት የጠገበ ቆዳ ክሮቹ እርስ በርስ ስለሚንሸራተቱ ከበፊቱ ይበልጥ ይሳባል፤ የተንጠለጠለ መቀመጫን ለማለስለስ ደጋግሞ መቀባት ረገባን መጋበዝ ነው። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ አቧራው በደረቅ ጨርቅ ከተጠረገ በኋላ፣ ስስ ሽፋን ብቻ መቀባት ይበቃል። ቆዳ በተፈጥሮው በመጠኑ አሲዳማ ስለሆነ በልብስ ሳሙናና በበረኪና አይጸዳ፤ በጥቂቱ የረጠበ ጨርቅ ካልበቃ ለቆዳ የተዘጋጀ ማጽጃ ይወሰድና መጀመሪያ ከመቀመጫው ሥር፣ ከማይታየው ጫፍ ላይ ይሞከር።