ከም ድሪንክ ዊዝ ሚን ከጀማው ጋር አይቶ በወጉ ለመከራከር

ደሴ ውስጥ የካራቴ ፊልም ያላየ ሰው የለም፣ ቪዲዮ ቤት ያደገውም ፍላሽ ላይ እያስጫነ ያየውም ያው ነው፣ ግን አብዛኛው የሚያውቀው የቡጢና የእርግጫውን ነው፣ የድሮውን የሰይፍ ፊልም ስትከፍቱለት አስር ደቂቃ ሳይሞላ "ኧረ ይሄ ነገር መቼ ነው የሚጀምረው" ይላል። እኔ ለመጀመሪያ የምመርጥላችሁ ከም ድሪንክ ዊዝ ሚን ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. ሆንግ ኮንግ ውስጥ ሻው ብራዘርስ የሰራው፣ ዳይሬክተሩ ኪንግ ሁ፣ ርዝመቱም አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ አይከብድም።

ሲጀመር ፋይሉን አጣሩ። በእንግሊዝኛ ድምፅ የተሰራውን ተዉት፣ የማንዳሪኑን ከነሰብታይትሉ ፈልጉ። ከንፈርና ድምፅ አልገጥም ካላችሁ ፋይሉ ተበላሽቶ እንዳይመስላችሁ፣ ያኔ እዛ ድምፁ የሚቀዳው ከቀረፃው በኋላ ነበር። እና በናታችሁ ቲቪውን ዙም እንዳታደርጉት!! ምስሉ በጣም ሰፊ ስለሆነ ላይና ታች ጥቁር ይሆናል፣ ሰው ደግሞ ያ ጥቁር ደስ ስለማይለው ስክሪኑን ይሞላዋል፣ ግራና ቀኙ ተቆርጦ ይቀራል፣ ኪንግ ሁ ደግሞ ሽፍቶቹን የሚያስቀምጣቸው ጥግ ጥግ ላይ ነው።

እሁድ ከሰዓት ከቡናው ጋር ቢሆን አሪፍ ነው። ከኮምቦልቻ የሚመጣ ጓደኛ ካለ ደግሞ ቀደም አርጉት፣ መሽቶ የሐረጎን ዳገት ጉም ከሸፈነው ወደ ታች መውረዱ አይመችም፣ ክርክሩ ደግሞ ከፊልሙ በላይ ነው የሚረዝመው። ላፕቶፑን ቻርጅ አርጉ፣ መብራቱን ታውቁታላችሁ።

ታሪኩን አስቀድማችሁ በአጭሩ ንገሯቸው። ሽፍቶች የአገረ ገዢውን ልጅ ያግቱና የታሰረ አለቃችን ይፈታልን ይላሉ፣ እህቱ ጎልደን ስዋሎው ወንድ መስላ ለብሳ ልታስፈታው ትመጣለች። በቃ።

መሸታ ቤቱ ጋ ሲደርስ ስልክ ይቀመጥ። እሷ ጠረጴዛዋ ላይ ብቻዋን ቁጭ ብላለች፣ ሽፍቶቹ አንድ በአንድ ዙሪያዋን ይሞላሉ፣ እየሳቁ ይነካኳታል፣ ዕቃ እየወረወሩ ይፈትኗታል፣ እሷ ንቅንቅ የለም። ስንት ሰው እንደተመታ የሚቆጥር ሰው እዚህ ጋ ነው የሚደብረው። እናንተ ፀጥታውን ተከታተሉ፣ ማን ማንን እንዳየ፣ ማን ቀድሞ እንደተንቀሳቀሰ፣ ሰይፉ ሲመዘዝ ነገሩ ፍጥን ብሎ ያልቅና መልሶ ፀጥ ይላል። የድብድቡን አሰልጣኝ ሃን ዪንግጂየን ከፔኪንግ ኦፔራ ነው ያመጡት፣ ልጅቷ ቼንግ ፔይፔይ ደግሞ ባሌት የተማረች፣ ያኔ ገና ሃያ ዓመት አካባቢ ነበረች። ስለዚህ አንዱ "ይሄ ዳንስ ነው እንጂ ድብድብ አይደለም" ካለ ልክ ነህ በሉት፣ ሆን ተብሎ ነው።

ፊልሙ ውስጥ አንድ ሰካራም አለ፣ እሱ ከልጆች ጋር ሲዘፍን ወደፊት አታሳልፉ፣ ዘፈኑ ውስጥ ለልጅቷ የሚጠቅም ፍንጭ አለ። ዜማውም ጆሮ አይቆረቁርም፣ የቻይና የድሮ ዜማ ብዙውን ጊዜ እንደኛ ቅኝት በአምስት ድምፅ ነው የሚሄደው፣ በአምባሰልና በባቲ ላደገ ሰው ምኑም እንግዳ አይደለም።

አሁን ክርክሩ። (ስፖይል የማይወድ ይሄን ይዝለል።) ልጅቷ ቤተ መቅደሱ ውስጥ ብቻዋን ትዋጋና በመርዝ ትመታለች፣ ከዛ ሰካራሙ ያድናታል፣ ከዛ ወዲህ ፊልሙ የሱ ይሆናል፣ ከገዳሙ አለቃ ጋር ያለው የድሮ ቂም ይመጣል። እዚህ ጋ ተመልካች ሁሌም ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን ጀግናዋን አስተዋውቀውን ገፍተው ወንድ ተኩባት ይላል። ሌላው ደግሞ የሰካራሙ ታሪክ ነው የሚከብደው ይላል፣ ጠላቱ ማለት እኮ ድሮ መምህሩ ዘንድ ያስገባው ውለታ የዋለለት ሰው ነው፣ ውለታና በቀል ሲጋጩ ምን ታደርጋለህ። እኔ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነኝ፣ መጨረሻ አካባቢ ሴት ወታደሮቿን ይዛ ብትመለስም ያ የመሸታ ቤቱ ትንፋሽ ተመልሶ አይመጣም፣ ከመዳፍ ጭስ ማውጣቱም ትንሽ ያስቃል። ግን ሁለተኛውን ወገን የሚይዝ ሰው ከሌለ አንዳችሁ ያዙለት፣ ሁሉም ከተስማማ ቡናው ቶና ሳይደርስ ጨዋታው ያልቃል። አንድ ደንብ ብቻ አውጡ፣ "ይደብራል" ያለ ሰው የቱ ሲን ላይ እንደደበረው ይናገር፣ "ምርጥ ነው" ያለውም እንደዛው።

ለሳምንት ምን እንይ ካሉ ኤ ተች ኦፍ ዜን የሚባለውን የኪንግ ሁን ፊልም አታስቸኩሉት፣ በ1975 ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የተሸለመ ትልቅ ስራ ነው ግን ሶስት ሰዓት አልፎ ይሄዳል፣ የመጀመሪያው ድብድብ እስኪመጣም ያስጠብቃል። ይልቅ የ2000ውን ክራውቺንግ ታይገር ሂድን ድራገንን አሳዩዋቸው፣ እዛ ላይ ይቺው ቼንግ ፔይፔይ ጄድ ፎክስ የምትባለዋን ክፉ ሴትዮ ሆና ትመጣለች፣ ሳትነግሯቸው ማን ቀድሞ እንደሚለያት እዩ።