መኪናን ዝቅ ሲያደርጉ ምቾቱና የመሪው ጠባይ እንዳይበላሽ

መኪናውን ዝቅ ማድረግ የፈለገ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለውን ክፍተት ነው፤ መታየት ያለበት ግን መኪናው በቆመበት ሾክ አብዞርበሩ (የሞላውን ንጥረት የሚያበርደው) መጨረሻው ላይ ያለውን የላስቲክ ማቆሚያ እስኪነካ ድረስ የሚቀረው እርምጃ፣ ማለትም ገና ሊገባ የሚችልበት ርቀት ነው። መኪናው ሲወርድ ይህ እርምጃ ስለሚያጥር፣ ያንኑ ጉድጓድ በአጭር ርቀት ለመቀበል ሞላው ጠንከር ማለት ይኖርበታል፤ ሞላው ጠንክሮ ሾኩ የቀድሞው ከሆነ ደግሞ መኪናው ጉድጓዱን ካለፈ በኋላም መንጠሩን አያቆምም። ስለዚህ ሁለቱን ተስማምተው የተሠሩ አድርጎ አንድ ላይ መግዛት ይሻላል።

የሚቀረውን እርምጃ ለማወቅ የሾኩን የአቧራ መከላከያ ከፍ አድርገው በዘንጉ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ሲሊንደሩን አስነክተው ይጠምጥሙ። በተለመደው መንገድዎ ነድተው ሲመለሱ ማሰሪያው የተገፋበት ቦታ ዘንጉ ምን ያህል እንደገባ ያሳያል። መኪናው ገና ሳይወርድ ማሰሪያውን እስከ ጫፍ ተገፍቶ ካገኙት ሐሳቡን ቢተዉት እመክራለሁ።

በማክፈርሰን አሠራር (ሾኩና ሞላው አንድ ላይ ሆነው ጎማውን ከላይ በሚይዙበት) ደግሞ መኪናው ከመጠን በላይ ሲወርድ ጎማውን ከታች ከአካሉ ጋር የሚያገናኘው ክንድ በጎማው በኩል ሽቅብ ይዘነበላል፤ ያን ጊዜ አካሉ የሚያጋድልበት ማዕከል ከመኪናው ክብደት ማዕከል ይበልጥ ስለሚወርድ፣ መኪናው ዝቅ ብሎም በኩርባ ላይ የበለጠ ሊያጋድል ይችላል። በየቀኑ ለሚነዳ መኪና ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር በቂ ነው እላለሁ።

ሞላን በእሳት ማሞቅ ብረቱን ያበላሻል። መቁረጥም ቢሆን ጎማው ሲንጠለጠል ሞላው ከመቀመጫው እንዲወጣ ሊያደርግ ይችላል። የታመቀ ሞላ ከፍተኛ ኃይል ስለሚይዝ ያለ ትክክለኛ ማመቂያ መሣሪያ ፈጽሞ አይፍቱት።

ሲገጥሙ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ፦ የክንዶቹ ቡሾች (በመጋጠሚያቸው ውስጥ ያሉት ላስቲኮች) ብሎኖች መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ ሳለ መጥበቅ የለባቸውም። ክብደቱ በጎማዎቹ ላይ ካረፈ በኋላ ካልጠበቁ ቡሾቹ ሁልጊዜ እንደተጠመዘዙ ስለሚቀሩ ቶሎ ይቀደዳሉ፣ ጉዞውንም ያደርቁታል።

አላይመንቱን (የጎማዎቹን አቅጣጫና ዘንበል) ሞላው ለጥቂት ቀናት ተነድቶ ቦታውን ከያዘ በኋላ ያስተካክሉ፤ የጎማዎቹ ወደ ውስጥ ማዘንበል ቢጨምርም፣ ጎማን በፍጥነት የሚበላው በአብዛኛው የፊትና የኋላ ጠርዞቻቸው ርቀት መዛባት ነው። የፊት መብራቶቹንም በዚያው አጋጣሚ ያስለኩ፤ የፊትና የኋላው አወራረድ እኩል ካልሆነ ብርሃኑ ከቦታው ይዛወራል።