ድዳችሁ ሸሽቶ ምግብ ጥርሳችሁ መሃል ለሚቀርባችሁ

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። ዕድሜዬ ሃምሳን አልፏል። ከእኩዮቼ ጋር ጥብስ በልተን ሳህኑ ሳይነሳ ስቲኪኒ ይጠየቃል። ከዚያ ሁሉም አፉን በእጁ ሸፍኖ ይጎረጉራል። በወጣትነታችን እንዲህ አልነበርንም። ሥጋው ያው ነው፤ የተለወጠው ድዳችን ነው።

ጤነኛ ድድ በሁለት ጥርስ መሃል ሾጠጥ ብሎ ገብቶ ክፍተቱን ይሞላዋል። ድዱ ሲሸሽ ከሥር ቀዳዳ ይከፈታል፤ የሥጋው ጭረትም እዚያ ይሸጎጣል። ድድን የሚያሸሸው ብዙ ነው፦ ሳይጸዳ ቆይቶ ድንጋይ የሆነ የጥርስ ቆሻሻ፣ ሲጋራ፣ በኃይል መቦረሽ። የሸሸ ድድ በራሱ ተመልሶ አያድግም። ስለዚህ ሥራችን የቀረውን መጠበቅ ነው።

አሁን የገባውን ለማውጣት መጀመሪያ በውሃ አጥብቃችሁ ተጉመጥመጡ። ካልወጣ የጥርስ ክር (ፍሎስ) ያዙ። አንድ ክንድ ያህል ቁረጡና ሁለቱን ጫፎች በመሃል ጣቶቻችሁ ላይ ጠምጥሙ። በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ወጥራችሁ ወደፊትና ወደኋላ እያላችሁ በቀስታ አስገቡት። በኃይል አትጫኑት፤ ድድ ይቆርጣል። ከገባ በኋላ አንዱን ጥርስ አቅፎ ከድዱ ጠርዝ ትንሽ ዝቅ ይበል፣ ከዚያ ወደ ላይ ይጥረግ። ጎረቤቱንም እንደዚያው። ጭረቱ እምቢ ካለ ክሩን ወደ ላይ አትሳቡ። አንዱን ጫፍ ለቃችሁ ወደ ጎን ጎትቱት፤ አብዛኛውን ጊዜ ይዞት ይወጣል። ክሩ መሃል ላይ ትንሽ ቋጠሮ ብታስሩበት ደግሞ የተሻለ ይይዛል።

የልብስ ስፌት ክር ግን አይሆንም። በየቀኑ የምይዘው ነገር ነው፤ ቀጭንና ጠንካራ ስለሆነ ድድ ይበጣል። መርፌና ስፒልማ ጭራሽ አፍ ውስጥ አይገቡም። ለእኔ ቢጤ ልብስ ሰፊዎችም አንድ ነገር ልበል፦ ክር በመቀስ እንጂ በጥርስ አትበጥሱ፤ የፊት ጥርስ ጫፍ ይሸራረፋል።

ክፍተቱ ሰፋ ካለ ከክር ይልቅ ለጥርስ መሃል የተሠራችው ትንሿ ብሩሽ ትበልጣለች። ፋርማሲ ወይም የጥርስ ክሊኒክ ጠይቁ። ዋናው ነገር ልኳ ነው። ሳትታገል መግባት አለባት፣ ፀጉሯም ሁለቱን ጥርስ መንካት አለበት። ሽቦዋ ጥርሱን ከፋቀ ትልቅ ናት ማለት ነው። ለፊትና ለመንጋጋ የተለያየ ልክ ሊያስፈልግ ይችላል። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ያለ ጥርስ ሳሙና አስገብታችሁ ጥቂት ጊዜ አመላልሷትና እጠቧት። መጀመሪያ ላይ ቢደማ ደንግጣችሁ አትተዉ። ድዱ ስለተቆጣ ነው፤ በእርጋታ ከቀጠላችሁ ይቀንሳል። ሁለት ሳምንት አልፎም ከደማ ግን ለሐኪም አሳዩ።

ስቲኪኒ የግድ ከሆነ በጎን ገፋ አድርጉበት እንጂ ወደ ድድ አትውጉ። ስንጣሪው ድድ ውስጥ ከቀረ ያሳብጣል።

ስለ መቦረሽ የምለው በተለይ ለስምጥ ሸለቆ ልጆች ነው። ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ እየጠጣ ያደገ ሰው ጥርሱ ይበልዛል። ያ ቀለም የመጣው ጥርሱ ሲሠራ ነው፤ በመፈግፈግ አይለቅም። ብዙ ሰው ግን አፍሮ በጠንካራ ብሩሽ ይፈገፍገዋል። ብልዙ እዚያው ነው፤ ድዱ ግን ይሸሻል፣ የጥርሱ ሥርም ይጋለጣል። ሥሩ ያ ጠንካራ የላይኛው ሽፋን ስለሌለው ቀዝቃዛ ሲነካው ይጠዘጥዛል፣ ቶሎም ይቦረቦራል። ለስላሳ ብሩሽ ግዙ። ፀጉሩን ወደ ድዱ ዘንበል አድርጋችሁ በትንንሹ እያዞራችሁ፣ በቀን ሁለቴ፣ ሁለት ሁለት ደቂቃ። መፋቂያ የምትወዱም ጫፉን አኝካችሁ አለስልሱት፤ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ እንጂ አግድም አትፋቁ። ሐይቃችን ዳር አሞራ ገደል ዓሣ በሎሚ ከበላችሁ ደግሞ በውሃ ተጉመጥምጣችሁ ግማሽ ሰዓት ቆዩና ቦርሹ።

«ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያሳሳል» የሚሉትን አትስሙ። ድንጋዩ ሲነሳና የድዱ እብጠት ሲጎድል ክፍተቱ ይታያል፤ ፊትም ነበረ፣ ድንጋዩ ሞልቶት ነው። ለጥቂት ቀን ቢጠዘጥዛችሁም ያልፋል።

ምግብ ሁልጊዜ የሚገባባችሁ አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ድድ ብቻ ላይሆን ይችላል። መሃሉ የተቦረቦረ ጥርስ፣ የተሰበረ ሙሌት፣ ወይም አጠገቡ ያለው ተነቅሎ ያዘመመ ጥርስ ሊኖር ይችላል። መግል፣ የሚነቃነቅ ጥርስ፣ ድንገት የተከፈተ ክፍተት ካያችሁ ቀን አትቁጠሩ። ስትሄዱ ቦታውን ለይታችሁ ንገሩ። ስኳር ካለባችሁም አትደብቁ፤ እሱ ካልተስተካከለ ድዱም በቀላሉ አይድንም።